ጉሬዛ ዝንጀሮ አይደለም

ከሜንጎ እኛ እስካለንበት ንሳምብያ ሩቅ አይደለም፤ አንዱ ኮረብታ ላይ ቆሞ ሌላውን ማየት ይቻላል። አማቴ ግን ልጄ አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ያን መንገድ አልመጡትም። የራቃቸው መንገዱ ሳይሆን እኔ ነበርኩ።

ጥፋቴ ምን እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ባለቤቴ ሊያስተዋውቀኝ መጀመሪያ ወደ እናቱ ቤት የወሰደኝ ቀን፣ እሳቸው ከጓዳ ሲወጡ ከወንበሬ ብድግ አልኩና ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ብታየኝ ትኮራብኝ ነበር። ሜንጎ ግን ምራት ለአማቷ ተንበርክካ ነው ሰላም የምትለው። ከላይ እስከ ታች አይተውኝ ለልጃቸው በሉጋንዳ አንድ ነገር አሉት፤ እኔም የመረቁኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። "ቆማ ነው እንዴ ሰላም የምትለኝ?" ነበር ያሉት። ለአንዲት ብድግ ስንት ዓመት ተቀጣሁ!

ልጄ ስትወለድ ባለቤቴ ፎቶዋን በስልክ ላከላቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፤ "እኛን አትመስልም" አሉ። ባለቤቴ ይህቺን ቃል ሊደብቀኝ ሞክሮ ነበር፤ ፊቱን አይቼ አውጣጣሁት እንጂ።

የባለቤቴ ወገኖች ባጋንዳ ናቸው። ባጋንዳ በጎሳ ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ጎሳም የራሱ እንስሳ ወይም ተክል አለው፤ ሙዚሮ ይሉታል። የጎሳው ሰው ሙዚሮውን አይገድልም፣ አይበላም። ልጅ የአባቱን ጎሳ ይወስዳል፤ ከጎሳው ስሞችም አንዱ ይወጣለታል። ስሙን የሚያመጡት የአባት ወገኖች ናቸው። የእኔ ልጅ እኔ ያወጣሁላት የአማርኛ ስም ነበራት፣ ባለቤቴ ያወጣላት የእንግሊዝኛ ስምም ነበራት። የጎሳ ስም ግን አልነበራትም፤ ይዞላት የመጣ ሰው የለማ።

መጀመሪያ ላይ ደንታም አልሰጠኝ። "ሁለት ስም ያለው ሰው ሦስተኛ ምን ያደርግለታል?" እል ነበር። ከዚያ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋና የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ግቢያችን ውስጥ መዋል ጀመሩ። አንድ ቀን በመስኮት ስሰማቸው ጎሳቸውን ይጠራራሉ። አንዷ ዝሆን ነኝ አለች፣ አንዱ እንጉዳይ ነኝ አለ። የእኔዋ ተራዋ ሲደርስ "እኔ ሐበሻ ነኝ" አለች። ሐበሻ የሚባል እንስሳ የለም ብለው ሳቁባት። ወጥቼ ልቆጣቸው ፈለግሁ፤ ግን ምን ብዬ?

ያ ጊዜ ደግሞ ሞት ደጅ የሚያድርበት ጊዜ ነበር። ቤታችን ለንሳምብያ ሆስፒታል ቅርብ በመሆኑ በሁለተኛው መዘጋት ወቅት የአምቡላንሱ ጩኸት ከጆሯችን አይጠፋም ነበር። በሰማሁት ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው። እኔ ብሞት ይህቺን ልጅ "የእኛ ናት" ብሎ የሚሰበስባት ማነው? የእኔ ዘመዶች ድንበር ማዶ ናቸው። አባቷ አለ፤ ግን አንድ ሰው ብቻውን ወገን አይሆንም። ያቺ የናቅኋት ሦስተኛ ስም ሌሊት እንቅልፍ ትነሳኝ ጀመር።

መዘጋቱ ላላ ያለ ሰሞን ባለቤቴ ከሥራ መጥቶ፣ ጫማውን እያወለቀ፣ እንደ ተራ ነገር "ማማ ለልደቷ እመጣለሁ ብላለች" አለኝ።

"ስሙን ይዘው ነው የሚመጡት?" አልኩት።

"አላውቅም። አይታ ነው የምትወስነው መሰለኝ።"

አይተው! ልጄን እንደ ገበያ ጎመን አገላብጠው አይተው! ተናደድኩ፤ ከንዴቴ ግን ፍርሃቴ ይብስ ነበር። የዚያኑ ዕለት ዝግጅቱን ጀመርኩ።

የልደቱ ነገር ቀድሞ ተቆርጧል፤ ቤቱ ጫካ ሊመስል ነው። ልጄ ከሕይወቷ ግማሹን ያሳለፈችው ቤት ተዘግቶባት ነው፤ ዛፍ የምታውቀው በመስኮት ነበር። እንደተከፈተ፣ አባቷ ሥራ ላይ ሳለ፣ ኢንቴቤ የሚገኘው የዕፅዋት ቦታ ወስጃት ነበርና፣ እዚያ አንዲት ጉሬዛ ከነልጇ አየች። እናትየዋ ጥቁር ሆና ትከሻዋ ላይ ነጭ ለምድ እንደ ደረበ ሰው ሆናለች፤ እቅፏ ውስጥ ያለው ግልገል ግን ከራስ እስከ ጭራ ነጭ ነው። ጠባቂው ሲወለዱ እንደዚያ ነጭ እንደሆኑና ቆይተው እንደሚጠቁሩ ነገራት። ልጄ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የለም፤ "ኬኬ ጉሬዛ ይሁን" አለች፣ ይሁን አልኩ።

የአየር መንገድ ትኬት እሸጥበት የነበረው ቢሮ ከተዘጋ ወዲህ ኬክ እየጋገርኩ ለሐበሻ ቤቶች አደርስ ስለነበር እጄ ተፍታቷል። ችግሩ ሌላ ነበር። የባለቤቴ ጎሳ ንጌዬ እንደሚባል አውቃለሁ፤ ንጌዬ ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። አማቴ በሚመጡበት ቤት የጎሳቸውን እንስሳ መጫወቻ አድርጌ ብገኝስ? ሥራ ላይ እያለ ደወልኩለት።

"የእናንተ እንስሳ ምንድን ነው?"

"መንኪ" አለኝ፣ እንደምንግባባበት በእንግሊዝኛ፤ ስልኩንም ዘጋው።

መንኪ ማለት ለእኔ ዝንጀሮ ነው፤ ቢበዛ ጦጣ። እንዴት እንደተጠነቀቅሁ ባያችሁ! ከገዛሁት የእንስሳት ጭምብል ውስጥ የጦጣውን መርጬ ጣልኩ። ሙዝ የያዘች ዝንጀሮ የተሣለባቸውን ፊኛዎች በመርፌ አፈነዳኋቸው። የልጄን የሥዕል መጽሐፍ ሳይቀር ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቅሁ። ካምዎክያ በሚባለው ሰፈር የሐበሻ ሬስቶራንት ያላት ጓደኛዬ ልታግዘኝ መጥታ ሁኔታዬን አየችና "አንቺ፣ ይሄ የልደት ዝግጅት ነው ወይስ ዝንጀሮ ማሳደድ?" ብላ ሳቀችብኝ።

"የአማቴ ጎሳ ነው" አልኳት።

"እህ! እንግዲያው አሳድጂ።"

የልደቱ ዋዜማ ከአከራያችን ጓሮ የሙዝ ቅጠል ቆርጠን ግድግዳውን ሸፈንን። በቄጠማ ፋንታ ከረግረጉ የመጣ ደንገል ወለሉ ላይ ጎዘጎዝን። ከሙዙ ቅጠል ጋር ጉንዳን ገብቶ ኖሮ ስንጠርግ አመሸን። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ኬኩ ለልጆቹ ስለሆነ በእንቁላልና በቅቤ ጋገርኩት፤ እኔ ጾመኛ ነኝና ጣቴን እንኳ ሳልልስ በግምት ሠራሁት። ጥቁሩን በካካዎ፣ ነጩን ለምድ በተፈጨ ኮኮናት አደረግሁት። ግልገሉን ከስኳር ሊጥ ጠፍጥፌ እናቱ እቅፍ ውስጥ አስቀመጥኩት። እውነት ለመናገር ከእጄ ከወጣው ኬክ ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። በትልቅ ሳፋ ከደንኩትና ጓዳ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ሲገባ እንዳያይ ልጄ አስምላኛለች።

በነጋታው ባለቤቴ እናቱን ሊያመጣ በመኪና ሄደ። ከቀትር በኋላ ይደርሳሉ ተብሎ ነበር፤ አልደረሱም። የጓደኛዬ ሁለት ወንዶች ልጆችና የአከራያችን ልጆች ቅጠል በራሳቸው ላይ አስረው ቤቱን አተራመሱት። ልጄ በየደቂቃው "ጃጃ መጣች?" ትለኛለች። አያቷን እንደዚያ እንድትጠራ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እሷ እንደሆነ አይታቸው አታውቅም። ሰዓት እላፊው አልተነሳም ነበርና ጓደኛዬ የእጅ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ ደግሞ በሩን አያለሁ። የሚቀሩ መሰለኝ። ቢቀሩ ይሻል ነበር የሚል ሐሳብም መጣብኝ።

በመጨረሻ የመኪናው ድምፅ ተሰማ። አማቴ ጎመሲያቸውን ለብሰው ነበር፤ ትከሻው ቀጥ ብሎ የሚቆመውን፣ ወገቡ በሰፊ መቀነት የሚታሰረውን የባጋንዳ ሴቶች ቀሚስ። በክንዳቸው አንድ የጨርቅ ቦርሳ ይዘዋል። ደንገሉ ላይ በሁለት ጉልበቴ ወድቄ ስለማመደው በከረምኩት ሉጋንዳ ሰላምታ አቀረብኩ። ጉልበቴ ሥር ጉንዳን ነበር፤ ነከሰኝ፤ አልተንቀሳቀስኩም። ሰላምታዬን እስከ መጨረሻው ሰምተው "ተነሺ" አሉኝ። ያ ብቻ።

ወንበር ላይ ተቀምጠው ቦርሳውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ልቀበላቸው ብል አልሰጡኝም። ግድግዳውን አዩ፣ ወለሉን አዩ። ልጄ አፍራ ጠረጴዛው ሥር ገብታለች፤ በቅጠሉ መሃል ዓይኗ ብቻ ይታያል። እሳቸውም አላባበሏትም፣ እሷም አልወጣችም። ተያዩ። ባለቤቴ ስለ መንገዱ መዘጋጋት የሚያወራው ወሬ አለቀበት። እኔ ከዚያ ቦርሳ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ስም ቦርሳ ውስጥ አይያዝም፤ ግን የመጣልን ነገር ካለ እዚያ ውስጥ ያለ መስሎ ታየኝ።

"ኬኩን አምጪውና ይለቅልን፤ ሰዓቱ ሄዷል" አለችኝ ጓደኛዬ በጆሮዬ።

ሳፋውን አነሳሁ፣ ሻማዎቹን ለኮስኩና ኬኩን ይዤ ወጣሁ። ልጆቹ ጮኹ፣ ልጄ ከጠረጴዛው ሥር ፈንጥዛ ወጣች፣ ዘፈኑ ተጀመረ። እኔ የማየው አማቴን ነበር። ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት። ወዲያው የባለቤቴ ድምፅ ከዘፈኑ መሃል ጠፋ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ ተጠግቶ።

"ጉሬዛ ነዋ፤ ኢንቴቤ ያየናት።"

"ይሄ ንጌዬ ነው። የእኛ ሙዚሮ።"

ክው አልኩ። "መንኪ ነው ብለኸኝ የለ እንዴ!"

"ይሄስ መንኪ አይደለም?"

"ይሄማ ጉሬዛ ነው! ጉሬዛ ዝንጀሮ አይደለም!" ጩኸቴ በአማርኛ አመለጠኝ።

"እውነቷን ነው" አለች ጓደኛዬ ሳትጠየቅ፣ በእንግሊዝኛ፣ እያጨበጨበች። "ጉሬዛን ከዝንጀሮ ምን አገናኘው? ጉሬዛ እኮ የመኳንንት ለምድ ነው።" በዚያች ሰዓት ቆዳውን ማንሳቷ ነገሩን አባሰው።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ፈረንጁ ገደል ለገደል የሚሄደውንም፣ ማሳ የሚሰርቀውንም፣ ከዛፍ የማይወርደውንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይጠራል። እኛ ዘንድ ዝንጀሮ ዝንጀሮ ነው፣ ጦጣም ጦጣ ናት፤ ጉሬዛ ግን ጨዋ ነው፣ የሰው እህል አይነካም፤ ማንም ከእነሱ ጋር አይቆጥረውም። ባለቤቴና እኔ በሰው ቋንቋ ስንጋባ አንዲት ቃል መሃላችን ላይ ተሰንጥቃ ቀርታ ነበርና ዛሬ በሻማ አብርቼ አወጣኋት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። ዝንጀሮውን ሁሉ ከቤቴ አሳድጄ፣ ማሳደድ የነበረብኝን አንዱን ከነቢላዋው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ቢላዋው ደግሞ ልጄ እጅ ላይ ነበር። ሻማዎቹን እፍ ብላ አጥፍታ፣ ልጆቹ "ቁረጪው! ቁረጪው!" እያሉ፣ ከጉሬዛዋ አንገት ላይ አሳርፋዋለች።

"ሌካ!" አሉ አማቴ። ተይ ማለት ነው።

ልጄ ቃሉን ከሰፈር ልጆች ታውቀዋለች፤ ቢላዋውን ይዛ ደርቃ ቀረች። አማቴ ተነሱ። ባለቤቴ በሉጋንዳ "ማማ፣ ዱቄትና ስኳር እኮ ነው፤ አላወቀችም" አላቸው። ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ጠረጴዛው ጋ መጥተው፣ ቢላዋውን ከልጄ እጅ ወስደው ወደ ጎን አስቀመጡት። ቀጥለው በሩን ከፍተው የሚወጡ መሰለኝ። በልቤ "በቃ፣ አለቀ" አልኩ። ልጄን በዓይኔ ፈለግሁ፤ በእኔ ጥበብ ወገን አልባ ያደረግኋትን ልጄን።

አማቴ ግን ኬኩ ላይ አጎንብሰው ቆሙ።

"ግልገሉን ነጭ ያደረገው ማነው?" አሉ።

የመለሰችላቸው ልጄ ናት፤ ዕንባዋን እየዋጠች፣ ሉጋንዳውን ከእንግሊዝኛ እየቀላቀለች። "እናቴ ናት። ሲወለዱ ነጭ ናቸው። እናታቸውን አይመስሉም። ግን አትጥላቸውም፣ ታቅፋቸዋለች። እኔ አይቻለሁ።"

አማቴ ልጄን አዩአት፤ ከዚያ ኬኩን፤ ከዚያ እንደገና ልጄን። "እኛን አትመስልም" ያሉትን እኔ አልረሳሁም፤ እሳቸውም የረሱ አልመሰለኝም። ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ቁጭ አሉና ቦርሳውን ከፈቱት።

የወጣው ትንሽ ጎመሲ ነበር፤ ቢጫ፣ በእጅ የተሰፋ። ልጄን ጠርተው ሊያለብሷት ሞከሩ። ክንዷ አልገባም፤ ትከሻውም ጠበበ፤ የሁለት ዓመት ልጅ ልብስ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ጎመሲ የሚሰፋ ሰው እንደዚያ አይሳሳትም። ገና የሁለት ዓመት ሳለች ተሰፍቶ፣ ሜንጎ ቁም ሳጥን ውስጥ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ልብስ ነበር። ያን ጊዜ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። እሳቸው ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላትና እጇን ይዘው ስሟን ነገሯት። የጎሳው ሽማግሌዎች የመረጡትን ይዘው ነው የመጡት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። አንድ ጊዜ እሳቸው አሉት፣ አንድ ጊዜ አባቷ፣ ከዚያ ልጄ ራሷ አለችው፤ የአከራያችን ልጆችም የሰሙትን ስም ደጋግመው ጠሯት።

"ከዛሬ ጀምሮ ንጌዬ ነሽ" አሏት። "ንጌዬ ንጌዬን በቢላዋ አይቆርጥም።"

"ኬኩስ?" አለ የጓደኛዬ ትንሹ ልጅ።

ባለቤቴ ወደ መንገድ ወጥቶ ለልጆቹ ሁሉ ሮሌክስ የሚሉትን የመንገድ ጥቅልል ገዝቶ ተመለሰ። በጫካው መሃል ደንገሉ ላይ ተቀምጠው ቻፓቲና እንቁላላቸውን በሉ፤ ለኬኩም ማንም አላለቀሰም። ጓደኛዬና እኔ ምንም ስላልቀመስን አማቴ "እነዚህ ለምን አይበሉም?" ብለው ጠየቁ። ጾም እንደሆነ፣ እንቁላልም ቅቤም እስከ ፍልሰታ ፍቺ እንደማንነካ ባለቤቴ ነገራቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ።

"አሃ፣ አለመብላት ታውቃላችሁ ማለት ነው" አሉ።

ሰዓት እላፊው ሳይገባ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ልንበረከክ ስል ክንዴን ያዙኝ። ቀስ ብለው፣ ሉጋንዳቸው እንዲገባኝ ቃሉን እየነጣጠሉ፣ "ለእሷ ክልክል ነው፣ ለልጄም ክልክል ነው" አሉኝ። "ለአንቺ ግን አይደለም። አንቺ የእነሱ አይደለሽም።"

ልጄ ወገን አገኘች ብዬ ደስታዬን ሳልጨርስ፣ ከራሴ ልጅ ደጅ የወጣሁ መሰለኝ። ዓይኔን አይተው ቀጠሉ።

"እኔም አይደለሁም። እኔ የአባቴ ጎሳ ነኝ። ስድስት ልጅ ወልጄ ስድስቱም ንጌዬ ናቸው፤ በዚያ ቤት ውስጥ እንግዳዋ እኔ ብቻ ነኝ። ጾምሽ ሲያልቅ ደውዪልኝ።"

ኬኩን እንዳለ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከተትኩት። ባለቤቴ፣ ያ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ሰው፣ "ዱቄትና ስኳር እኮ ነው" ያለው ሰው፣ ማቀዝቀዣውን ሲከፍት አንዴ ያየውና ውኃውን ብቻ አንስቶ ይዘጋዋል። ልጄ ለጓደኞቿ ሁሉ "እሷ የእኔ ናት፣ አትበላም" ስትል ሰነበተች።

ፍልሰታ በተፈታ ዕለት ደወልኩላቸው። ስፔሻል ሃይር በሚሉት የኮንትራት ታክሲ ብቻቸውን መጡ። ሰላም ልል ስንበረከክ ዛሬ ጉንዳን አልነበረም። ኬኩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩትና ቢላዋውን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ግልገሉን ቀስ ብለው ከእቅፉ አንስተው ለልጄ ሰጧትና ከዚያ ቆረጡ። ባለቤቴና ልጄ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል፤ አልገቡም።

"አባዬ፣ እነሱ ለምን ይበላሉ?" አለች ልጄ።

"እነሱ የእኛ አይደሉም" አላት።

ልጄ አሰብ አደረገች፤ ከዚያ እንዳዘነልን ሰው ሆና "እሺ፣ ይብሉ" አለች።

አማቴ ከአንገቷ በኩል አንድ ቁራሽ ለእኔ፣ አንድ ለራሳቸው አደረጉ። ጎርሰው ቆይተው "ስኳሩ በዝቷል" አሉኝ። እኔም በመጨረሻ ቀመስኩት። እውነታቸውን ነበር።